ኩሽኔታ ያለው ሰንጢ ለሥራ ይሆናል? የ14 ወራት አጠቃቀም ግምገማ

የምሠራው በዴንቨር ከተማ ዳርቻ በሚገኝ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። በአንድ ፈረቃ ከ150 የማያንስ ካርቶን ስለምከፍት ሰንጢ ለእኔ የኪስ ጌጥ ሳይሆን እንደ ጓንትና እንደ ጫማ ሁሉ የሥራ ዕቃ ነው። ዛሬ የምገመግመው ሰንጢ በ58 ዶላር የገዛሁት፣ 14 ወር ሙሉ በእጄ ላይ የቆየ፣ የስለቱ ርዝመት 8 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሆነ፣ ስለቱ ዲ 2 ከሚባለው ብረት የተሠራ፣ እጀታውም ከመስታወት ክርና ከሙጫ በሚዘጋጀው ጂ 10 በተባለ ጠንካራ ነገር የተለበጠ ነው። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ ምክንያቱም የማነሣው ችግር የአንድ ድርጅት ጉድለት ብቻ ሳይሆን በዚህ ዋጋ የሚሸጡ የብዙ ሰንጢዎች አሠራር ያመጣው ነው፤ ስሙን ብጠቅስ አንባቢ ያንን ስም ብቻ ሸሽቶ ያንኑ አሠራር በሌላ ስም ሊገዛ ይችላል።

አስቀድመን በቃላቱ እንግባባ። ስለቱ ከእጀታው ጋር የሚገናኝበትንና የሚዞርበትን ቦታ ማጠፊያ እለዋለሁ። በማጠፊያው መሐል አንድ ወፍራም ብሎን ያልፋል፤ ስለቱ በዚህ ብሎን ዙሪያ ሲዞር ጎኑ ከእጀታው ጋር እንዳይፋተግ በግራና በቀኝ አንድ ነገር ጣልቃ መግባት አለበት። በዚህ ቦታ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ሮንዴላ ነው፤ ከነሐስ ወይም ከፕላስቲክ የተቆረጠ፣ መሐሉ የተበሳ፣ ስስ ክብ ዝርግ ማለት ነው። በአዲሶቹ ሰንጢዎች ላይ ግን ቦታውን ብዙ ጊዜ የሚይዘው የአገራችን መካኒኮች ኩሽኔታ የሚሉት ነገር ነው፤ እሱም ከፕላስቲክ ወይም ከናስ በተሠራ ስስ ቀለበት ውስጥ የተደረደሩ፣ ውፍረታቸው በአብዛኛው 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጥቃቅን ድብልብል ብረቶችን የያዘ ነው። ይህን አሠራር በሰፊው ገበያ ካስተዋወቁት መካከል ብራዚላዊው ሰንጢ ሠሪ ፍላቪዮ ኢኮማ የተሳተፈበትና በኦሪገን ግዛት የሚገኘው ሲ አር ኬ ቲ የተባለው ድርጅት በምርቶቹ ላይ ያዋለው ሥርዓት ይገኝበታል። ዛሬ ከ30 ዶላር ጀምሮ እስከ ብዙ መቶ ዶላር በሚሸጡ ሰንጢዎች ላይ ኩሽኔታ ማግኘት የተለመደ ነው።

ሰንጢው ከሳጥኑ በወጣበት ቀን ያሳየኝ ነገር እውነትም የሚያስደስት ነበር። ከስለቱ ጀርባ ወጣ ያለችውን ትንሽ ጆሮ በሌባ ጣቴ ስጫናት ስለቱ ያለ አንዳች ማንገራገር ተፈትልኮ ወጥቶ ተቆለፈ፤ ቁልፉን ስለቀውም በራሱ ክብደት ወርዶ ተዘጋ። በአንድ እጁ ካርቶን ደግፎ የያዘ፣ በጓንት በተሸፈነው በሌላው እጁ ደግሞ ስለት ማውጣት ያለበት ሠራተኛ ይህ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ያውቀዋል። ስለቱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ንቅንቅ አይልም፤ ሲዘጋም ከሁለቱ የእጀታ ግድግዳዎች ልክ መሐል ያርፋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አንድም ቅሬታ አልነበረኝም፤ ያኔ ይህን ግምገማ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ከ5 ኮከብ 5ቱንም እሰጠው ነበር። ከመግዛቴ በፊት ያነበብኳቸው ግምገማዎች አብዛኞቹ ዕቃው በተገዛ በመጀመሪያው ሳምንት የተጻፉ ስለነበሩ ስለ አከፋፈቱ ፍጥነት እንጂ ስለ ማጠፊያው ዕድሜ የነገሩኝ ነገር አልነበረም።

በአራተኛው ወር መጨረሻ ላይ የስለቱ አወጣጥ ተለወጠ። ቀድሞ አንድ ጥርት ያለ ቀጭታ ብቻ ይሰማ ነበር፤ አሁን ግን ከቀጭታው በፊት፣ አሸዋ ያለበት ዳቦ ሲያኝኩ ጥርስ ላይ እንደሚሰማው ያለ ሻካራ ነገር በጣቴ ላይ ይሰማኝ ጀመር። ውሎ አድሮ ስለቱ በራሱ ክብደት መዘጋቱን ተወ፤ ሲዘጋም መሐል ማረፉ ቀርቶ ወደ ቀኙ ግድግዳ ተጠጋ። ስምንት ወር ሲሞላው ጫፉን በሁለት ጣቴ ይዤ ሳወዛውዘው ወደ ጎን ይነቃነቅ ነበር። ብሎኑን ሳጠብቀው ንቅናቄው ይጠፋል፤ ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ እንደገና አጠብቀዋለሁ። ይህ ደጋግሞ ማጥበቅ ማጠፊያውን ከገባበት የካርቶን ብናኝ የማይተናነስ ጉዳት ሲያደርስበት እንደነበረ የተረዳሁት ሰንጢውን ፈትቼ ውስጡን ካየሁ በኋላ ነው።

በዘጠነኛው ወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነጭ ፎጣ በጠረጴዛ ላይ አንጥፌ ፈታሁት። በማጠፊያው ውስጥ ያገኘሁት የፋብሪካው ዘይት፣ የካርቶን ብናኝና የማሸጊያ ፕላስተር ሙጫ ተደባልቀው የፈጠሩት፣ ቀለሙ አመድማ የሆነ ወፍራም ጭቃ ነበር። የካርቶን ብናኝ በጣት ሲያሹት ለስላሳ ይመስላል፤ ነገር ግን ካርቶን፣ በተለይም ከአሮጌ ወረቀት ተፈጭቶ የተሠራው፣ የእንጨት ክር ብቻ አይደለም፤ ወረቀት ሲሠራ የሚጨመረውን የሸክላና የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ አንዳንዴም ከመሰብሰቢያው አብሮ የመጣ ደቃቅ አሸዋ ይይዛል። ማንኛውም ስለት በካርቶን ላይ ቶሎ የሚደነዝዝበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ስለትን የሚያደነዝዝ ዱቄት በ1.5 ሚሊ ሜትር ድብልብል ሥር ገብቶ ሲንከባለል ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም።

ጭቃውን ካጠብኩ በኋላ ሁለት ነገር አየሁ። የመጀመሪያው ዝገት ነው። ስለቱ ላይ ምንም ዝገት ሳይኖር ከድብልብሎቹ መካከል አምስቱ ወደ ቡናማነት ተለውጠው ነበር። ለኩሽኔታ ድብልብል በብዛት የሚውለው ብረት ወደ 1 በመቶ ካርቦንና ወደ 1.5 በመቶ ክሮሚየም ብቻ ያለው ሲሆን፣ አንድ ብረት የማይዝግ ለመባል ቢያንስ ከ10 በመቶ በላይ ክሮሚየም ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሻጩ «የማይዝግ» ብሎ የሚያወራው ስለ እጀታው ግድግዳ ወይም ስለ ስለቱ እንጂ ስለ ድብልብሎቹ ላይሆን ይችላል፤ ኪስ ውስጥ ያለ ላብ ደግሞ ጨው ነው። ሁለተኛው ያየሁት ነገር ይበልጥ አሳዘነኝ። በግራው በኩል በድብልብሎቹና በእጀታው ግድግዳ መካከል የጠነከረ ብረት ሮንዴላ ተቀምጦ ነበር፤ በቀኙ በኩል ግን ይህ ሮንዴላ አልነበረም፤ ድብልብሎቹ በቀጥታ የሚንከባለሉት እንደ ስለቱ በእሳት ባልጠነከረው በእጀታው የውስጥ ብረት ላይ ነበር። በዚያ ብረት ላይ እያንዳንዱ ድብልብል የራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ጉድጓዶቹ ክብ ሠርተው በጥፍር ሲዳሰሱ የሚሰሙ ሆነዋል። በስለቱ በኩል ያለው ገጽታ አንድም ምልክት የለበትም፤ ምክንያቱም ስለቱ በሮክዌል መለኪያ 60 ገደማ ጥንካሬ ያለው ነው። አምራቹ ምናልባት ከአንድ ዶላር በታች የሚያወጣ ሮንዴላ ለመቆጠብ ሲል የማጠፊያውን ዕድሜ እንደቆረጠው አምናለሁ፤ ይህንንም ይቅር ልለው አልቻልኩም።

ልጅ ሆኖ በአዲስ አበባ ሰፈሮች ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ለምኖ፣ በጣውላ ሥር አስሮ ቁልቁለት የነዳ ሰው የዚህን ነገር ምክንያት በቀላሉ ይረዳዋል። ኩሽኔታውን በነጭ ጋዝ አጥበን፣ በጣታችን አሽከርክረን ድምፁን ካዳመጥን በኋላ ነበር በጣውላው ላይ የምናስረው። ጎኑ በሽፋን የተዘጋው ኩሽኔታ ወራት ያገለግል ነበር፤ ሽፋኑ የወለቀው ግን አቧራ ቶሎ ይገባበትና መጮኽ ይጀምራል፤ ከዚያም ይነክሳል። የመኪና ጎማ ኩሽኔታ በጭቃና በውኃ መካከል ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሄደው ድብልብሉ ከሰንጢው ድብልብል የተለየ ተአምር ስላለው አይደለም፤ ግራሶው እንዳይወጣ፣ አቧራውም እንዳይገባ የሚከለክል ማሸጊያ ስላለው ነው። የሰንጢ ኩሽኔታ ግን ማሸጊያ የለውም። በስለቱና በእጀታው መካከል ካለው ስስ ክፍተት የሚገባው ሁሉ ቀጥታ ድብልብሎቹ ጋ ይደርሳል፤ ኪስም፣ በተለይ የሥራ ሱሪ ኪስ፣ የጨርቅ ጭረትና አቧራ የሚጠራቀምበት ቦታ ነው።

ከማሸጊያው በተጨማሪ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ልዩነት አለ። ኩሽኔታ የተፈጠረው ሙሉ ክብ እየዞረ ሳያቋርጥ እንዲሠራ ነው፤ ሲዞርም ዘይቱን በመንገዱ ሁሉ ላይ ያዳርሳል። የሰንጢ ስለት ግን 180 ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ ሄዶ ይቆማል፣ ተመልሶ ይቆማል። ድብልብሎቹን የያዘው ቀለበት ደግሞ ስለቱ ከሚሄደው ግማሹን ብቻ ስለሚጓዝ፣ እያንዳንዱ ድብልብል 90 ዲግሪ በማትሞላ አጭር መንገድ ላይ ብቻ ይመላለሳል፤ ሰንጢው ተዘግቶ ኪስ ውስጥ በሚቆይባቸው ሰዓታትም ሁልጊዜ በዚያችው ቦታ ላይ ይቀመጣል። ዘይቱ ከዚያ ቦታ ተገፍቶ ይወጣል እንጂ ተመልሶ አይዳረስም። እርጥበትና ንዝረት የሚበሉትም ያችኑ ቦታ ነው።

ወደ ማጥበቁ ልመለስ። ሮንዴላ ክብደቱን በዝርጉ ስፋት ሁሉ ላይ ያከፋፍላል፤ ድብልብል ግን የሚነካው በነጥብ ብቻ ስለሆነ በብሎኑ የሚመጣውን ኃይል በሙሉ በእነዚያ ጥቂት ነጥቦች ላይ ያሳርፋል። ስዊድናዊው መሐንዲስ ዮሃን ኦገስት ብሪኔል በ1900 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያሳወቀው የብረት ጥንካሬ መለኪያ መሠረቱ ይኸው ነው፤ ጠንካራ ድብልብል በሚለካው ብረት ላይ በተወሰነ ኃይል ይጫናል፣ የተወው ጉድጓድ ስፋት ይለካል። በኩሽኔታ መንገድ ላይ የሚታተሙ ጉድጓዶችም እስከ ዛሬ በባለሙያዎች ዘንድ በእሱ ስም ይጠራሉ። ሮንዴላ ያለውን ሰንጢ ከልክ በላይ ያጠበቀ ሰው ስለቱ ስለሚከብድበት ወዲያው ያውቃል፤ ኩሽኔታ ያለውን ያጠበቀ ሰው ግን ስለቱ አሁንም እየቀለለ ስለሚዞርለት መቼ ማቆም እንዳለበት የሚነግረው ነገር የለም። እኔም ንቅናቄውን ለማጥፋት ባጠበቅሁ ቁጥር ድብልብሎቹን ወደ ለስላሳው ብረት እየቀበርኳቸው ነበር፤ ጉድጓዱ በጠለቀ መጠን ክፍተቱ ይጨምራል፤ ክፍተቱ ሲጨምር እኔ እንደገና አጠብቃለሁ።

ስለ ጥገናው በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ይህን ዓይነት ሰንጢ አስቀድሞ የገዛ ሰው መጣል ሳይሆን መጠበቅ ነው የሚያስፈልገውና። አዘውትሮ መፍታትን አልመክርም። በየሁለት ሳምንቱ ሰንጢውን ሳልፈታ ሙቅ ውኃ ባለበት ሳህን ውስጥ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሬ፣ ስለቱን በውኃው ውስጥ ሃያ ጊዜ ያህል ከፍቼ እዘጋዋለሁ፤ የሚወጣውን የውኃ ቀለም ማየት በቂ ማስረጃ ነው። ከዚያ በንጹሕ ውኃ አለቅልቄ፣ በፎጣ አድርቄ፣ በማጠፊያው ላይ የፋርማሲ አልኮል አፈስሳለሁ፤ አልኮሉ የቀረውን ውኃ ይዞ ስለሚተን ውስጡ እርጥበት አይቀርም። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አንድ ሰዓት ትቼው በየጎኑ አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት በመርፌ ጫፍ አድርሼ ስለቱን አመላልሳለሁ፤ ተርፎ የወጣውን እጠርጋለሁ። የታመቀ አየር መንፋት ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን ብናኙን ከውጭ ወደ ውስጥ ሊገፋው ስለሚችል ትቼዋለሁ።

መፍታት የግድ ሲሆን ትክክለኛ ካቻቢቴ መያዝ ይቀድማል። የእኔ ሰንጢ የማጠፊያ ብሎን ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ የሆነውን የቲ 8 መጠን ይወስዳል፤ የእጀታው ብሎኖች ደግሞ ቲ 6 ናቸው። ጫፉ ያለቀ ወይም ርካሽ ካቻቢቴ የብሎኑን ራስ ይበላዋል፤ ራሱ የተበላ የማጠፊያ ብሎን ደግሞ ሰንጢውን ለዘለዓለም ሊዘጋው ይችላል። ብሎኑ እምቢ ካለ በውስጡ ማጣበቂያ አለ ማለት ስለሆነ፣ በኃይል ከመታገል ይልቅ የፀጉር ማድረቂያ ለሁለት ደቂቃ ያህል በራሱ ላይ ማሞቅ ያለሰልሰዋል። እያንዳንዱን ደረጃ በስልክ ፎቶግራፍ አንሱ፤ በተለይ የኩሽኔታው ቀለበት የትኛው ፊቱ ወደ ስለቱ እንደሚያይ፤ ምክንያቱም በብዙ ቀለበቶች ላይ ድብልብሎቹ በአንዱ ፊት ይበልጥ ወጣ ብለው ስለሚታዩ፣ ተገልብጦ ከገባ ቀለበቱ ራሱ ከብረት ጋር ይፋተጋል። አንዳንድ ሰንጢዎች ደግሞ ቀለበት የሌላቸው፣ በቦይ ውስጥ በልቅ የተቀመጡ ድብልብሎች ስላሏቸው ስለቱን ባነሣችሁበት ቅጽበት ወለሉ ላይ ይበተናሉ፤ ነጭ ፎጣው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ስትመልሱት በማጠፊያው ብሎን ጥርስ ጫፍ ላይ ብቻ፣ ከመርፌ ራስ ያልበለጠ፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለውን ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ አድርጉ። ሰማያዊውን ያልኩት ቀዩ ከፍተኛ ሙቀት ካላገኘ አልለቅ የሚል ስለሆነ ነው። ማጣበቂያው ከመጠን ካለፈ ወርዶ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባና ድብልብሎቹን ይይዛቸዋል፤ ይህ ካጋጠመ ፈትቶ፣ አጽድቶ እንደገና ከመጀመር ሌላ መፍትሔ የለም። ብሎኑን ቀስ እያላችሁ አጥብቁ፤ የጎን ንቅናቄው በጠፋበት ቦታ ላይ አቁሙ፤ ከዚያ ቦታ አንዲት የጸጉር ስፋት እንኳ አትጨምሩ። ማጣበቂያው ሙሉ ጥንካሬውን እስኪያገኝ 24 ሰዓት ሳትከፍቱት አሳድሩት።

ስለ ዘይት ብዙ የተሳሳተ ልማድ አለ። ደብሊው ዲ 40 የተባለው ሁላችንም ጋራዥ ውስጥ የምናውቀው ፈሳሽ በ1953 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ የተሠራው ውኃን ከብረት ላይ ለማባረር ነው፤ ስሙም ይህንኑ የሚያመለክት ምሕጻር ነው። ቆሻሻ ለማጠብና እርጥበት ለማስወጣት ጥሩ ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ ግን ስለሚተን ለማጠፊያ የመጨረሻ ዘይት አድርጎ መተው ልክ አይደለም። ግራሶ ለሮንዴላ ይስማማል፤ ሳይፈስ በቦታው ይቆያልና። ለተከፈተ ኩሽኔታ ግን አቧራ የሚያጣብቅ ሙጫ ይሆንበታል። ከሁሉ የከፋው የወጥ ቤት ዘይት ነው። የኑግም ሆነ የሱፍ ዘይት ከአየር ጋር ሲቆይ እየወፈረ እንደ ሙጫ ይደርቃል፤ የዘይት ጠርሙስ አንገት ላይ የሚጋገረውን ቢጫ ነገር ያየ ሰው በማጠፊያው ውስጥ የሚሆነውን አይቷል። በሰንጢው ምግብ የሚቆርጥ ሰው ሽታና ጣዕም የሌለውን፣ ለምግብ ዕቃ የተፈቀደውን የማዕድን ዘይት ይጠቀም፤ በፋርማሲ በጥቂት ዶላር ይገኛል፤ አይደርቅም፣ አይበላሽም።

ምግብን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ኢትዮጵያውያን ቁርጥ ስንበላ ሰንጢ ከኪስ አውጥቶ መቁረጥ የተለመደ ነው፤ እኔም በበዓል ቀን ይህንኑ ሰንጢ አውጥቼ ቆርጬበታለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን አላደረግሁትም። የጥሬ ሥጋ ጭማቂና ስብ ወደ ማጠፊያው ከገባ ስቡ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ ጨውና ሚጥሚጣው ደግሞ ከእርጥበቱ ጋር ድብልብሎቹን ያዝጋል። ከዚህም በላይ ውስጡ ሳይታጠብ የዋለ ሥጋ ለጤና አደገኛ ነው፤ በላይ ላዩ ቢጠርጉት የማይወጣ ቦታ ላይ ነውና። ለቁርጥ የማይታጠፍ ቢላዋ ይሻላል፤ ሰንጢ የግድ ከሆነም ማጠፊያው በቀላሉ የሚታጠብ ይሁን። የስዊስ ቪክቶሪኖክስ ቀዩ ሰንጢ በሙቅ ውኃ ውስጥ ተከፍቶና ተዘግቶ ከታጠበ በኋላ በአንዲት ጠብታ ዘይት ይመለሳል፤ በውስጡ የሚዝግ ድብልብል የለም።

ስለ ደንበኛ አገልግሎቱም መናገር ተገቢ ነው። የጎደለውን ሮንዴላ ካየሁ በኋላ ለአምራቹ ፎቶግራፍ ጨምሬ ጻፍኩ። ከስድስት ቀን በኋላ የደረሰኝ መልስ ሰንጢውን በመፍታቴ ዋስትናው እንደተሰረዘ የሚገልጽ ነበር። ቆሻሻው የገባበት ማጠፊያ ሳይፈታ እንዴት እንደሚጸዳ ብጠይቅ መልስ አላገኘሁም። ሁለተኛ ደብዳቤ ከጻፍኩ በኋላ ሁለት አዲስ የኩሽኔታ ቀለበቶች በነጻ ላኩልኝ፤ ለዚህ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን አዲስ ድብልብል በተቦረቦረ ብረት ላይ ማስቀመጥ አዲስ ጎማ በተሰበረ መንገድ ላይ እንደ መንዳት ነው። ቀለበቶቹን ቀይሬ፣ በቀኙ በኩል ከሌላ ሰንጢ ያገኘሁትን የጠነከረ ሮንዴላ ለማስገባት ሞከርኩ፤ ስለቱ ወደ ግራ ስለተገፋ አልሆነም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ለሻጩ አቅርቡ፤ በሁለቱም ጎን የጠነከረ ብረት መንገድ አለው ወይ? ለጽዳት ብፈታው ዋስትናው ይጸናል ወይ? የመጀመሪያውን ጥያቄ መመለስ ያልቻለ ሻጭ የሚሸጠውን ዕቃ ውስጡን አያውቀውም።

ካለፉት አምስት ወራት ወዲህ ወደ ሥራ የምይዘው የፎስፎር ነሐስ ሮንዴላ ያለው ሰንጢ ነው። አከፋፈቱ እንደ መጀመሪያው አይፈጥንም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ ነሐሱ እስኪለሰልስ ድረስ ትንሽ ይከብድ ነበር። ነገር ግን በዚያው መጋዘን፣ በዚያው ብናኝ ውስጥ፣ በአምስት ወር አንድ ጊዜ ብቻ ታጥቦ እስካሁን አልተነቃነቀም። ብናኝ ቢገባበትም ለስላሳው ነሐስ ውስጥ ይቀበራል ወይም ወደ ጠርዝ ይገፋል እንጂ መንገዱን አይዘጋም። በአይዳሆ ግዛት በቦይሲ ከተማ የሚሠራው የክሪስ ሪቭ ሰቤንዛ፣ ስሙ በዙሉ ቋንቋ ሥራ ማለት ሲሆን፣ ከ400 ዶላር በላይ የሚሸጥ ሆኖ ሳለ እስከ ዛሬ ማጠፊያው በነሐስ ሮንዴላ ላይ ነው የሚዞረው፤ እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ ጎልደን ከተማ የሚገኘው የስፓይደርኮ ድርጅት ፓራ ሚሊተሪ 2 የተባለው ታዋቂ ሰንጢም እንዲሁ። ስለዚህ ሮንዴላ የርካሽ ዕቃ ምልክት ነው፣ ኩሽኔታ ደግሞ የውድ ነው የሚለው በሻጮች ዘንድ የሚሰማ አነጋገር ትክክል አይደለም። በደንብ የተሠራ ኩሽኔታ፣ በሁለቱም ጎን የጠነከረ መንገድና የማይዝግ ወይም የሴራሚክ ድብልብል ያለው፣ ቢሮ ለሚሠራ ወይም ደብዳቤና ብርቱካን ለሚከፍት ሰው ደስ የሚል ዕቃ ነው። አቧራ፣ አሸዋ፣ ሲሚንቶ ወይም ካርቶን ባለበት ለሚሠራ ሰው ግን ነሐስ እመርጥለታለሁ።

ለዚህ ሰንጢ ስለቱን በተመለከተ ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፤ ዲ 2 ብረቱ ስለቱን ለረጅም ጊዜ ይዞ ቆይቷል፣ አንድ ጊዜ ሲሳል ሳምንት ሙሉ ይቆርጣል። እጀታው ተስማሚ ነው፤ በጓንትም ያለ ጓንትም አይንሸራተትም። ለማጠፊያው 1 ኮከብ፣ ለደንበኛ አገልግሎቱ 2 ኮከብ። አሁን የወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ባለቤቴ ፖስታ ትከፍትበታለች፣ ለዚያም ይበቃል። ዋጋው ወደ 35 ዶላር ወርዶ ብታዩት እንኳ የቀኙን ጎን ሮንዴላ ሳታረጋግጡ አትግዙት።